የጋሽ ይመር ላባ

የሰው ዕድሜ በማን እጅ ነው ትላላችሁ? በባለቤቱ እንዳይመስላችሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ የወፍ ዕድሜ የምለየው እኔ የራሴን የሚነግሩኝ ሌሎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲውን በአንደኛነት ስጨርስ ስለ ወፎች ለመማር ባሕር ማዶ ልላክ ነበር። «ገና ልጅ ነህ፣ ትደርሳለህ» ተባልኩና የአንድ ሹም የእህት ልጅ ሄደ። ቁራን ከእርግብ ይለይ እንደሆነ እንጃ። እኔ አሰብ ላይ ሳይንስ አስተማሪ ሆንኩ። ይሁን፣ ትቼዋለሁ። ማለቴ፣ ልተወው እየሞከርኩ ነው።

መስከረም ላይ ባሕር ያቋረጡ ትንንሽ ዘማሪ ወፎች ደክሟቸው ግቢዬ ይወድቃሉ። አንዷን ውሃ አጠጥቼ ክንፏን ስዘረጋ ጎረቤቴ ጋሽ ይመር፣ የወደቡ ዘበኛ፣ ምን እንደማይ ጠየቁኝ። ዕድሜዋን አልኳቸው። የዘንድሮ ጫጩት ላባዋን ሁሉ በአንዴ አትቀይርም፤ አዲሱ ጠቆር ብሎ፣ አሮጌው ነጣ ብሎ ጎን ለጎን ይታያል። የጎለመሰችው ግን ሁሉንም ስለምትቀይር ወጥ ናት።

ጋሽ ይመር ነገሩን አሰላሰሉት። ለካ በዚያ ሳምንት የልደት ወረቀት ለሌላቸው ሠራተኞች ለጡረታ ዕድሜ የሚገምቱ፣ ሐኪም ያለባቸው ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣሉ። እሳቸው የሚያውቁት ወሎ ውስጥ በአንበጣ ዓመት መወለዳቸውን ነው። የትኛው አንበጣ? ወሎን ስንቱ አንበጣ ጎብኝቷታል! ኀምሳ አምስት ሞልቷቸዋል ተብለው ጡረታ ከወጡ የመሥሪያ ቤቱን ቤት ይለቃሉ፣ ትንሿ ልጃቸውም ትምህርቷን ታቋርጣለች።

ሚስታቸው እትዬ ከበቡሽ የጋሽ ይመርን ሽበት ልታጠቁር ቀለም በጥብጣ ነበር። ግማሹን ብቻ ቀቢው አሏት። አብደዋል እንዴ ብትላቸው፣ መምህሩ ወጥ የሆነው ሽማግሌ ነው ብሏል አሉ።

ገማቾቹ ፊት ቀኝ ራሳቸው ከሰል፣ ግራው ጥጥ ሆኖ ቀረቡ። ሐኪሙ ምን ነካዎት አላቸው።

«ጌታዬ፣ ገና ላባ በመቀየር ላይ ነኝ» አሉ ጋሽ ይመር። «ያረጀስ ወጥ ነው።»

ሐኪሙ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ስለ ቤቱና ስለ ልጅቷም ጠየቃቸው። ከዚያ አርባ ስምንት ብሎ ጻፈላቸው። እኔ ማስረጃ ይዤ ያጣሁትን ፍርድ፣ ጋሽ ይመር በተሳሳተ የወፍ ዕውቀት አገኙት። ቅር አለኝ? ትንሽ። ደስታዬ ግን በለጠ።

ብቻ አንድ ጣጣ መጣ። እትዬ ከበቡሽ ኀምሳ ሞልቷታል። ከጋብቻቸው ጀምሮ አንቱ ስትላቸው የኖረች ሴት፣ በማግስቱ በአጥሩ በኩል «አንተ ይመር፣ ና ውሃ ቅዳ!» ስትል ሰማኋት። ነውር አይደለም ወይ አልኳት።

«ታናሼ ነው እኮ መምህር» አለችኝ። «መንግሥት ያወቀውን እኔ ልክድ?»

ጋሽ ይመር ባልዲውን አነሡ። ዕድሜዬ ከዚህ ይበልጣል ብለው ይግባኝ ቢሉ ጡረታ ይወጣሉ።