ጋሼ ይርጋን ያላየው ካሜራዬ

ወገን፣ ዛሬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር። እዚሁ ሸዋ ሮቢት፣ ሰው በሞላበት ሳሎን ውስጥ!

ኮሜንት ላይ እንደምትሰድቡኝ አውቃለሁ። ስደቡኝ። ግን መጀመሪያ አንብባችሁ ጨርሱ።

ጋሼ ይርጋ ጎረቤቴ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጀውሃ ወንዝ ወርደን አብረን ዓሣ አጥምደናል። መንጠቆ ማሰር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔማ ትል መንካት ራሱ እፈራ ነበር። (አሁንም እፈራለሁ፣ በመሃላችን ይቅር!)

ከአርባ ቀን በፊት አረፉ። ቁርሳቸውን በልተው፣ ደረቴን አመመኝ ብለው፣ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ።

ልጃቸው ሰናይት ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ ሰባት ዓመቷ ነው። አሠሪዎቿ አንለቅሽም ብለዋት ለቀብሩ አልደረሰችም። የመጣችው ለአርባው ነው።

እኔ ደግሞ፣ ይቺ ምላሴ! በስልክ ስታለቅስ ጊዜ ምን አልኳት?

«አይዞሽ። የሦስት ዓመት ቪዲዮ አለኝ። ስትመጪ አባትሽን እንደ ልብሽ ታይያቸዋለሽ።»

አሁን ስለ ካሜራው ልንገራችሁ።

ልገዛ መርካቶ ስሄድ ጋሼ ይርጋ አብረውኝ ሄዱ። ሻጩ ሁለት አወጣልን። አንዷ ትንሽ ናት፣ ግንባር ላይ ትታሰራለች፣ ውኃ አይገባትም። ሌላኛዋ ስክሪኗ ይዞርና፣ ስትቀርጽ ራስህን ታያለህ።

ጋሼ ይርጋ ትንሿን አነሱ።

«ለዓሣ ይቺ ናት። ወንዝ ብትገባም አትበላሽም። ደግሞ አንተ የምታየውን ሁሉ ታያለች።»

«እኔ ታዲያ በየት በኩል ልታይ ነው ጋሼ?»

ሻጩ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። እኔ ኮስተር ብዬ ባለስክሪኗን ገዛሁ።

ዛሬ እነ ጋሼ ይርጋ ቤት፣ ከአርባው ጸሎት በኋላ ካሜራዬን በገመድ ከቲቪው ጋር አገናኘሁ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ጥቁር ነጠላቸውን ሰብስበው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሰናይት ቲቪው ሥር፣ ምንጣፉ ላይ።

ፕለይ!

እኔ። «ሰላም ሰላም ውድ ተከታታዮቼ!»

ቀጣዩ። እኔ፣ ወንዙን ጀርባዬ አድርጌ።

ቀጣዩ። እኔ፣ ፀጉሬን እያስተካከልኩ።

«ትንሽ ጠብቁ፣ ይመጣሉ» አልኩ።

አልመጡም። ላብ አጠመቀኝ። (የሮቢት ሙቀት ነው እንዳትሉኝ፣ ፋኑ እየሠራ ነበር!)

የእትዬ አስካለ ታላቅ ወንድም ከአጣዬ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ታገሡ፣ ታገሡና፦

«ልጄ፣ አንተ እኮ አልሞትክም!»

ማንም አልሳቀም።

እንዴት አንድ ቀን እንኳ ካሜራውን ወደ እሳቸው አላዞርኩም? ቅዳሜ ሁልጊዜ የሚመጣ መስሎኝ ነዋ!

ድንገት ከቲቪው ድምፅ ወጣ። «አትጎትተው! ላላ አድርግለት፣ ራሱ ይደክመዋል!»

ጋሼ ይርጋ!

ሰናይት ከምንጣፉ ተነሳች። ቪዲዮው ውስጥ እኔ እየጮህኩ ከክሩ ጋር እታገላለሁ። ከስክሪኑ ጥግ አንድ እጅ ገባና ክሩን ያዘልኝ። እጅ ብቻ። መኪና ሲጠግኑ ማንሻው ክሪክ ያመለጣቸው ጊዜ የቀረው ጠባሳ አውራ ጣቱ ላይ አለ።

ሁለት ሰከንድ። ከዚያ እጁ ወጣ።

«አቁመው!» አለች ሰናይት።

መልሼ እጁ ላይ አቆምኩት። ሰናይት መዳፏን ቲቪው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ።

«ፊቱስ?»

ምን ልበላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

«የለም» አልኩ። «ፊታቸው የለም ሰናይት።»

እትዬ አስካለ ከመቀመጫቸው ሆነው፣ «ተይው ልጄ» አሏት። «እጁ ነው። እኔ አየሁት። በል ድገመው።»

ደገምኩት። ስድስት ይሁን ሰባት ጊዜ። በእያንዳንዱ ዙር ግን ያ እጅ እስኪመጣ፣ እነዚያ ሐዘንተኞች የእኔን ጩኸት መስማት ነበረባቸው!

ማንም አልተቆጣኝም። እንዲያውም ብላ ብለው ምግብ አቀረቡልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤቴ ገብቼ አንድ ፎቶ እንኳ ባገኝላት ብዬ ያለኝን ሁሉ ፈተሽኩ። ያ ፕሮፋይል ፒክቸሬ አለ አይደል? ያን የሚያህል አምባዛ ታቅፌ የምስቅበት፣ «ጀግና!» እያላችሁ ላይክ ያዘነባችሁበት? እሱንም አጉልቼ፣ ጥላቸው እንኳ ቢኖር ብዬ ጥግ ጥጉን ፈለግኩ።

የለም።

ፎቶውን ያነሱኝ እሳቸው ናቸው።

ካፈርኩ አይቀር አንድ ልጨምር። ዓሣውንም የያዙት እሳቸው ናቸው።

አሁን ያን ሁሉ ላይክ ለማን ልመልስ?