የዶክተር ትዉማሲ ጠቃሚ ሞት

ዕውቀትን በቁና መስፈር ለቻሉ ሁሉ ክብር ይገባቸዋል። የዩኒቨርሲቲያችን የማዕረግ ኮሚቴ ከእነዚህ ብፁዓን አንዱ ነው። ኮሚቴው አንድ ሊቅ ለሰው ልጅ ምን እንደ በጀ አይጠይቅም፤ ይህ አድካሚ፣ ለአድልዎም የተጋለጠ ጥያቄ ነውና። የሚጠይቀው ሌሎች ሊቃውንት በጽሑፎቻቸው ግርጌ ስሙን ስንት ጊዜ እንደ ጠሩት ብቻ ነው።

የአንጎል ተመራማሪው ዶክተር ክዋሜ ትዉማሲ በዚህ ሚዛን ቀለው ተገኙ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ከወባ የተረፉ ሕፃናትን የሚጥል በሽታ ስለ ምን እንደሚይዛቸው ሲመረምሩ ነው። እናቶች ከመላው የአሻንቲ ገጠር ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ቤተ ሙከራቸው ይመጡ ነበር፤ ብዙዎቹም ልጆች ድነው ይመለሱ ነበር። ነገር ግን የዳነ ሕፃን የግርጌ ማስታወሻ አይጽፍም።

የፋኩልቲው ዲን ፕሮፌሰር አደንክራ አስጠሯቸው።

«ዶክተር፣ ተጠቃሽነትዎ አሽቆልቁሏል። በዚህ ዓመት ካልተሻሻለ ቤተ ሙከራው ይዘጋል፤ ክፍሉም ለምርምር ጥራት ጽሕፈት ቤት ይሰጣል።»

«እናቶቹስ?»

«የትኞቹ እናቶች?»

«ልጆቻቸውን የሚያመጡት።»

«አሳትመዋል?»

«ኧረ ምንም አላሳተሙም፤ ይወልዳሉ እንጂ።»

«እንግዲያው ምን ላድርግልዎ!» አሉ ዲኑ፣ በእውነተኛ ሐዘኔታ።

ዶክተሩ አዝነው ወደ ትውልድ መንደራቸው ሄዱ። እዚያም ዕድሜ ልካቸውን ሲያሳድዱት የኖሩት ወባ በተራው አሳደዳቸውና አልጋ ላይ ጣላቸው። ስልካቸውም ተዘጋ። በከተማችን ስልኩ የተዘጋ ሰው ወይ ሁለተኛ ሚስት አግብቷል ወይ ሞቷል፤ የዶክተሩ ጨዋነት የታወቀ ስለ ሆነ ሞተዋል ተባለ። ሚስታቸው ወይዘሮ አፍሪዬም ሊያስታምሟቸው አብረው ሄደው ነበርና «አልሞተም» የሚል ሰው አልተገኘም።

አባቶቻችን «ዘመድ ሬሳ ይወዳል» ይላሉ። ዩኒቨርሲቲያችን ዘመድ መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ። ዶክተሩ ለአጉሊ መነጽራቸው አምፖል ቢጠይቁ ለዓመታት መልስ የነፈጋቸው ጽሕፈት ቤት፣ ፎቶግራፋቸው ያለበትን የሐዘን ፖስተር በአንድ ጀንበር አሳትሞ በየግንቡ ለጠፈ። አስከሬኑ እስኪመጣ የሚጠብቅ አልነበረም፤ ድንኳን ተተከለ፤ ቀይና ጥቁር የሐዘን ልብስ ተሰፋ፤ የፋኩልቲው መጽሔትም የመታሰቢያ እትም አዘጋጀ። በእኛ ዘንድ የለቅሶ መዋጮ ከነሰጪው ስም በድምፅ ማጉያ ይታወጃል። ሊቃውንቱም በዚሁ ወግ ሟቹን በእትሙ ስንት ጊዜ እንደ ጠቀሱ ያሳውጁ ጀመር።

«ፕሮፌሰር ቦዋቺ፣ አሥራ ሁለት ጥቅስ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሁለት ብቻ የጠቀሱት አፍረው እየተመለሱ ጨመሩ። ስለ ካካዎ ትል የሚጽፈው መምህር ሳይቀር ትሉ አንጎል ያለው መሆኑን አስታውሶ ትዉማሲን ጠቀሰ።

ዲኑ ተነሥተው፣ «ይህ ታላቅ አንጎል ዛሬ ዝም አለ!» ሲሉ ከድንኳኑ በስተኋላ የአንድ ሰው ሳል ተሰማ። ዶክተር ትዉማሲ ከስተው፣ በሚስታቸው ትከሻ ተደግፈው ቆመዋል።

«ዶክተር! እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አሉ ዲኑ።

«ተሻለኝና መጣሁ።»

«አሁን ነው መሻል? በንግግሬ መካከል?»

«ምን ማለትዎ ነው? ቆሞ እያዩት!» አሉ ወይዘሮ አፍሪዬ።

«እመቤቴ፣ መቆማቸውን አልካድሁም። ነገር ግን ቤተ ሙከራው የትዉማሲ መታሰቢያ ማዕከል ተብሎ ጸድቋል። እሳቸው በሕይወት ካሉ መታሰቢያው ይሻራል፣ ጥቅሱ ይሰረዛል፣ በሩም ነገ ይታሸጋል።»

ዶክተሩ ጥቂት አሰቡ። «ከሞትሁስ?»

«አምፖል እንገዛለን።»

«አንተ ሰውዬ፣ እሺ ብለህ እንዳታዋርደኝ! በቁምህ መበለት ልባል ነው?»

«አፍሪዬ፣ ነገ የሚመጡ ልጆች አሉ» አሉና ከኋላ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እስከ ቡራኬውም ድረስ ለራሳቸው በጨዋ ደንብ አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ማዕከሉ እጅግ በለጸገ። ዲኑም የሟቹን ዝና እያዩ ቅናት አደረባቸው፤ ወደ መንደራቸው ሄደው፣ ስልካቸውን ዘግተው፣ መርዷቸውን ይጠባበቁ ጀመር። ክረምቱ መጣ፤ ክረምቱ ሄደ። ያለቀሰላቸው አልነበረም፤ የፋኩልቲው ጉዳይ ግን ያለወትሮው ይፋጠን ነበር። በመጨረሻ ራሳቸው ቢደውሉ ጸሐፊያቸው፣ «ውይ፣ ቢሮ ውስጥ ያሉ መስሎኝ!» አለቻቸው።

ባለፈው ሰኞ አንዲት የገጠር ሴት ልጇን አዝላ ከማዕከሉ ደጅ ቆመች፤ ልጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«ዶክተር ትዉማሲን ፈልጌ ነበር።»

ዘበኛው ኢሳካ በደንቡ መሠረት ቆቡን አወለቀ።

«አርፈዋል እህቴ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቶሎ ግቢ፣ ሁለተኛው በር ነው።»