ኦቦ ቶሎሳ ጀምረውት የሄዱት እጥበት

ሰውን «የማን ልጅ ነህ?» እንደምንለው ሁሉ፥ ዕቃንም «የየት አገር ሥሪት ነው?» ሳንል ቤታችን አናስገባም። እኛ አምቦዎች ደግሞ በዚህ እንብሳለን። ራዲዮም ይሁን ካውያ፥ ገልብጠን ሆዱ ላይ የተጻፈውን ካላነበብን ሻጩን አናምነውም፤ የተጻፈው በማናውቀው ቋንቋ ከሆነ ግን ወዲያው እናምነዋለን። ስም ይወጣል ከቤት፥ ይቀበላል ጎረቤት ይባል የለ? የዕቃም እንደዚያው ነው። ስም ያለው ዕቃ ስሙን ሊያስጠብቅ ሲል ምን ሊያደርግ እንደሚችል ግን ማንም አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም። እስቲ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ኦቦ ቶሎሳ የፊዚክስ አስተማሪዬ ነበሩ፤ በኋላ አጥር የምንጋራ ጎረቤታሞች ሆንን። ባኮ በኩል ይሠሩ የነበሩ ፈረንጆች ጓዛቸውን ሸጠው ሲሄዱ፥ ኦቦ ቶሎሳ አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በጭነት መኪና አስጭነው መጡ። ሰፈሩ ሁሉ ልብሱን ተሸክሞ ሁሉቃ ወንዝ በሚወርድበት ዘመን ነው እንግዲህ። ጣራው ላይ በርሜል አሰቅለው በቧንቧ አገናኙት። በክቡ መስታወት ውስጥ ልብስ ሲገላበጥ ለማየት የጉደር ዘመድ ሳይቀር ይመጣ ጀመር።

የፋብሪካውን ታሪክ ከመመሪያው ደብተር እያነበቡ እንደ ትምህርት ያስረዱን ነበር። መሥራቹ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ደወል ገዢ ሲጠፋ፥ ያንኑ ብረት ልብስ ማጠቢያ አደረገው። ልጆቹ ወረሱት፤ ደብተሩ ባይጽፈውም የልጅ ልጆቹ አከሰሩት፤ ፋብሪካው ከተዘጋም ቆይቷል። ማሽኖቹ ግን ይህን የሰሙ አይመስሉም። ዝናቸው አንዲት ናት፦ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አያርፉም። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ እንኳ፥ የኦቦ ቶሎሳ ማሽን ካቆመበት ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ መብራት ሲመጣ ይቀጥላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል፥ በእኛ ሰፈር ይህ ማሽን ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረ። አንድ ክፉ አመልም ነበረው። ሲጨምቅ ይራመዳል። ከጥጉ ተነሥቶ እየተንቀጠቀጠ እስከ በሩ ድረስ ይመጣል፤ ኦቦ ቶሎሳ በጀርባቸው ደግፈው ይዘውት ጋዜጣ ያነባሉ።

መቼም ንጹሕ ሰው ነበሩ። ዛሬ የለበሱትን ሳያጥቡ ነገ አይደግሙትም፤ ከአንዲት ቡናማ ሹራብ በቀር። እሷን ክረምቱ ካልወጣ አያወልቋትም።

አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ነበር፤ የዚያን ዕለት ጠዋት እንደሄደ ቀረ።

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ አላለቀሱም ማለት ይቻላል። ይፈልጉ ነበር። ቁም ሳጥኑን ከፍተው ሸሚዝ ያወጣሉ፤ ያሸታሉ፤ መልሰው ያጥፋሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠሩኝ።

«ታደሰ፥ ልጄ፥ ያቺን ሹራብ አላየህም? ሌላውን ሁሉ አጥቦታል። እሱን እሱን የሚል አንድ ጨርቅ እንኳ አልተወልኝም።»

ከአልጋው ሥር ጀምረን ኮርኒሱ ድረስ ፈለግን። የለችም።

ቀትር ላይ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ከተተከለው ድንኳን ተቀምጠናል። ቤቱ ባዶ ነው። የበረንዳዋ አምፖል በጠራራ ፀሐይ መብራቷን ልብ ያለ የለም። ወንጌላዊው እየጸለዩ ሳለ፥ ከባዶው ቤት ውስጥ ውሃ ሲወርድ ተሰማ። ከዚያ አንድ ነገር ያጉረመርም ጀመር።

«ኩን ማሊ?» አሉ ከካቺሲ የመጡ አንድ ሽማግሌ፤ ይህ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ጸሎቱ ቆመ። እኔ ኦርቶዶክሱ ሳላውቀው አማተብሁ፤ ወንጌላዊውም አልታዘቡኝም።

አዴ ጫልቱ ከፍራሹ ብድግ ብለው «ንቀሉት፥ ንቀሉት» እያሉ ወደ ቤት ሮጡ። ኀዘንተኛ ሲሮጥ ደግሞ ይያዛል፤ ደንባችን ነው። አራት ሴቶች ወገባቸውን አቅፈው ያዟቸው። እኔ ቀድሜ ገባሁ።

ማሽኑ ይዞራል። አንድ ቡናማ እጅጌ መጥቶ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ ይሄዳል፤ ደግሞ ይመጣል። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያን ጠዋት ሹራባቸውን አስገብተው፥ ሳሙና ጨምረው፥ ማሽኑን አስነሥተዋል። ውሃው ሳይገባ መብራት ሄደ። እስኪመጣ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ማጥፋት የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም፤ ሄደ ማለት ሁሉም ጠፋ ማለት ነው። ሹራቢቱም እንደወለቀች፥ እስከ ሦስተኛው ቀን እዚያው ማሽኑ ውስጥ ቆይታለች።

እጄን ወደ ሶኬቱ ሰደድሁ። ከዚያ መለስሁት። የሟች ሥራ በእኔ እጅ ይቋረጥ? ደግሞስ የጠፋችው ተገኝታለች፤ ታጥባ፥ ጸድታ ብሰጣቸው ምን ክፋት አለው? ወጣሁና በሩን ዘጋሁ። «የጀመሩትን ይጨርሱ፤ ተዉአቸው» አልሁ ለሕዝቡ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቴን ነው፥ በራሴ ብልህነት ደስ አለኝ።

መጭመቅ ሲጀምር ደግፎ የሚይዘው የለምና ተራመደ። ወለሉ ላይ ሲመጣ ይሰማኛል። በሩ ጋ ደረሰ፤ ያንኳኳም ጀመር። በሩን በጀርባዬ ደግፌ ዐይኔን ጨፈንሁ። በመጨረሻ ጸጥ አለ።

ሴቶቹ ለቀቋቸው። አዴ ጫልቱ ገብተው መስታወቱን ከፈቱና ሹራቢቱን አወጡ። ፊታቸውን ቀበሩባት። ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር።

«ሶኬቱ ጋ ደርሰህ ነበር?»

«ደርሼ ነበር፥ አዴ። ይጨርስ ብዬ ነው።»

አልተቆጡም። ሹራቢቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አፍንጫዬ አስጠጉልኝ።

«አሽትታት» አሉኝ።

አሸተትኋት። ሳሙና ብቻ ነበር።