አባ ግራሶ እና ዝም ያለው የኋላ ጎማ

ልጅቷ ሳይክሏን እየገፋች ግቢ ስትገባ ጉልበቷ ተልጦ፣ ክርኗ አፈር ለብሶ ነበር። ለሰላምታም ጊዜ አልነበራትም። ከተራራ ሳይክል ቡድኑ የቀረው አንድ ቦታ ነው፣ እሱም ዛሬ ይሞላል። አሠልጣኙ አቀበቱን ከሳይክሉ ሳይወርድ የወጣ ይገባል ብሎ ነበር። እሷ ግማሹ ላይ ፔዳሉን ስትረግጠው እግሯ ባዶውን ዞረ፣ ጎማው ቀጥ አለ፣ ከነሳይክሏ ወደ ጎን ተጋደመች። አሠልጣኙ አነሳት፣ ሳይክሉን አየት አደረገና ከሰዓት አንድ ጊዜ እንደሚሞክራት፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደማይጠብቃት ነገራት። ሳይክል ሠሪው ዘንድ ብትሮጥ ሱቁን ቆልፎ ሠርግ ሄዷል።

ማን ነካው ብሎ ለመጠየቅ ፖሊስ አያስፈልግም። አጎቷ በረንዳው ላይ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቁጭ ብለዋል።

እንዲህ ያለ ሰው በየቤተሰቡ አንድ አለ። የሌለበት ቤት ካለ፣ የራሱን ቤት ቀብቶ ጨርሶ ጎረቤት ሄዶ ነው እንጂ ጠፍቶ አይደለም። ሲጢጥ የሚል ነገር ሰምቶ ማለፍ የማይችል ሰው ማለቴ ነው። ሌላው ሰው ኪሱ ውስጥ መሐረብ ይይዛል፣ እሱ የግራሶ ቆርቆሮ ይይዛል። የእኛው ክቡርነታቸው ስማቸውን እናታቸውም የረሱት ይመስላል፤ ሰፈሩ በሙሉ አባ ግራሶ ነው የሚላቸው።

ዕድሜያቸውን የጨረሱት ወፍጮ ቤት ነው። እዚያ የሚጮህ ብረት ማለት ሊሰበር ያለ ብረት ነው። ወፍጮውን ለቀው ቤት ሲውሉ ጆሯቸው አብሮ ጡረታ አልወጣም። "ብረት ከጮኸ ተርቧል" ይላሉ፣ ቆርቆሯቸውን ከፈት ያደርጋሉ፣ የሚከለክላቸው የለም።

የቤቱን በር አበሉት። በሩ ጠገበና መዘጋት እምቢ አለ፤ ይኸው ድንጋይ ተደግፎ ነው የሚያድረው። ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የስፌት መኪናውንም አበሉት። የአንዲት ሴትዮ ነጭ ቀሚስ ጀርባው ላይ ጥቁር ክብ ይዞ ወጣ። ሚስትየው ነገሩን ለመሸፈን አበባ ጠለፉበት፤ ሴትዮዋ አበባውን ወደደችውና ለእህቷም አዘዘች። አባ ግራሶ እስከ ዛሬ ያንን ቀሚስ እኔ ነኝ የነደፍኩት ይላሉ።

ሐኪም ቤት የሄዱ ጊዜ ደግሞ ገና ሳይቀመጡ ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ሐኪሙ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት ሲል ከሥር መልስ መጣ፤ "እኔን አይደለም፣ ወንበርዎን ነው።" ጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ እሳቸው ብድግ ካሉ እናትየዋ ልጇን ታቅፋ ወደ ጓዳ ትገባለች። ምን ይታወቃል።

ወደ ሳይክሉ እንመለስ። የኋላው ጎማ መሀል፣ ሞዞው ውስጥ፣ ጥፍር የሚያካክሉ ትንንሽ ብረቶች አሉ። ፔዳል ሲረገጥ እነዚያ ጥፍሮች የሞዞውን ጥርስ ቆንጥጠው ይይዙና ጎማው ይሄዳል። እግር ሲያርፍ ደግሞ ጥርሱ ላይ እየዘለሉ ተተተተ ይላሉ። ድምፁ ጤንነቱ ነው። ልጅቷ ቁልቁለት ስትወርድ ያንን ድምፅ ስትሰማ ሰው አብሯት የሚሮጥ ይመስላት ነበር። አባ ግራሶ ግን በራፍ ላይ ባለፈች ቁጥር አንድ ሰው ጥርሱን የሚያፋጭባቸው ይመስል ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። ትናንት እሷ ጓሮ ልብስ ስታጥብ፣ ዕድሉን አገኙ።

ልጅቷ መቼም ፍርድ አዋቂ ናት፣ ሳታረጋግጥ አልወነጀለችም። ሳይክሉን ገልብጣ አቆመችው። ሰንሰለቱን አየች፣ አልዘለለም። ጎማውን ግራና ቀኝ ወዘወዘችው፣ ንቅንቅ የለም፤ ኩሽኔታው ደህና ነው። ፔዳሉን በእጇ ስታዞር ሰንሰለቱ ዞረ፣ የኋላው ጥርስ ዞረ፣ ጎማው ግን እንግዳ ሆኖ ቁጭ አለ።

"ጋሼ፣ ይሄን ጎማ ነክተውታል?"

"መንካትማ ምን አላት። አድኜዋለሁ እንጂ። እስቲ ስሚው።" ጎማውን ወደ ፊት አሾሩት። ዝም። ድመት ምንጣፍ ላይ ስትሄድ ነው።

"ምንም አይሰማም።"

"አየሽ!"

ሚስትየው ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉ። "አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ተኝቼ ልቤንም ዝም ታሰኘዋለህ" አሉና ክር መበጠሳቸውን ቀጠሉ።

ሞዞው ሲፈታ ጥፍሮቹ ማር ውስጥ እንደወደቁ ዝንቦች ተኝተው ተገኙ። ወፍራሙ ግራሶ ከጎድጓዳቸው ቀና እንዳይሉ አድርጎ አጣብቋቸዋል። ሜዳው ላይ እንደ ምንም ይዘው ነበር፤ አቀበቱ ሲመጣ ለቀቁ። አባ ግራሶ አዩት። ብዙ አዩት። የወፍጮ ብረት ሲጠግብ እንደሚሠራ፣ ይሄ ግን ሲጠግብ እንደሚተኛ ያን ቀን ነው የገባቸው።

ሚስትየው ሳይጠየቁ ነጭ ጋዝ በጣሳ አመጡ፣ ከጥርስ ብሩሾቹ መሀልም የባላቸውን መርጠው አቀበሉ። አባ ግራሶ አልተቃወሙም። ጥፍሮቹን አንድ በአንድ በገዛ ብሩሻቸው ፈተጉ። ሲጸዱ አንደኛዋ ጫፏ ተበልቶ ክብ ሆኖ ታየ።

"ይቺ የእኔ ሥራ አይደለችም" አሉ ቀስ ብለው። እውነታቸውን ነበር። ከድሮም አልቃ ኖሮ ጓደኞቿ ጥፍሮች ሸፍነዋት ነው። መለወጫ ደግሞ ሠርግ በሄደው ሳይክል ሠሪ ሱቅ ውስጥ ተቆልፏል።

ልጅቷ መንገዱን ሁሉ ሳይክል እየገፋች ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ጥሩ ንግግር ነበር፣ መጨረሻው ላይ ለቅሶም ነበረበት። መጀመሪያ ግን "ለምንድን ነው ጋሼ?" አለች።

አባ ግራሶ ከብሩሹ ቀና አላሉም። "ስታልፊ ሰው ዞር ይላል። እናት አባት የላት፣ ሳይክሏም ይንቋቋል እንዳይሉሽ ብዬ ነው።"

ልጅቷ ንግግሯን ትታ የጸዱትን ጥፍሮች በጨርቅ ታደርቅ ጀመር።

ከስፌት መኪናው ቀጭን ዘይት ጠብታ ብቻ አድርገው ገጠሙት። ልጅቷ ጎማውን ወደ ፊት አሾረችው። ተተተ፣ ተተተ። አባ ግራሶ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። ድምፅ ሊገድሉ ሳይሆን ሊሰሙ ሲያጎነብሱ ማንም አይቶ አያውቅም።

"አንዷ አትናገርም" አሉ።

እሷ ምንም አልሰማችም። እንደገና ፈቱት። እውነትም የአንዷ ሞላ ላልቷል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነችውን ሽቦ በጥፍራቸው ጫፍ ቀና አደረጓት፣ ትንፋሻቸውን ይዘው። አሁን ድምፁ ሳይቆረጥ ወረደ። የተበላችው ጥፍር ግን ያው የተበላች ናት። ለእሷ መድኃኒት አልነበራቸውም፣ አለኝም አላሉም።

አቀበቱ ሥር ስትደርስ አሠልጣኙ ሰዓቱን ይዞ ቆሟል። አጎቷን ፈለገቻቸው። ከቤት እሷ ሳትወጣ ተነስተው ነበር፤ መንገድ ላይ አልፋቸው ስትሄድ እያለከለኩ ነበር። በእርሻው በኩል አቋርጠው ነው መሰለኝ፣ ላይ ታዩ። የቆሙት መንገዱ በጣም ቀጥ ብሎ የሚወጣበት፣ ጠዋት የወደቀችበት ቦታ ላይ ነው። ኮታቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ አስቀምጠዋል፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ተንሸራታ ብትመጣ ሊቀበሏት ነው። እሳቸውን ራሳቸውን ንፋስ ይጥላቸዋል።

አሠልጣኙ ሽማግሌው ማናቸው ሲላት፣ "አጎቴ ናቸው" አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎረቤታችን ናቸው ትል ነበር።

ይኸው አሠልጣኙ ሂጂ ብሎ እጁን ጣለ። ልጅቷ ከኮርቻው ተነስታ ፔዳሉን ረግጣለች፣ ጎማው የመጀመሪያውን ርግጫ ይዟል፣ ሁለተኛውንም ይዟል። እሳቸው የቆሙበት ጋ ስትደርስ የተበላችው ጥፍር ትይዝ አትይዝ አታውቅም።