የግመል ወተት ወዳጅ

ሰው ደግነቱን እንጂ የደግነቱን ምክንያት አይነግራችሁም። ታማሚ ጥየቃ የሚሄድ ሁሉ ለታማሚው ብሎ ብቻ የሚሄድ ይመስላችኋል? እኔ በበኩሌ በማንም አልፈርድም። ጅግጅጋ ላይ ዓመት ሙሉ የግመል ወተት የጠጣሁት ወተቱን ወድጄ አይደለማ!

የጠጣሁት ለዝውውር ነው። ባለቤቴና ልጄ ደብረ ብርሃን፣ እኔ እዚህ መዝገብ ቤት፤ በመካከላችን ደግሞ የአለቃዬ የአቶ ፋራህ ፊርማ። ናፍቆቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንጀት ይበላል። ስለዚህ አቶ ፋራህ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቤታቸው ጠርተውኝ ጭስ ጭስ የሚለውን ወተት ሲያቀርቡልኝ፣ ጭልጥ አድርጌ ወላሂ እንዲህ ያለ ወተት ቀምሼ አላውቅም አልኩ። አለመቅመሴስ እውነት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ በመጣ ቁጥር ግብዣ ሆነ። ለለመደው መድኃኒት ነው ይላሉ፤ ያልለመደ ሆድ ላይ የሚሠራውን ግን በጨዋ ቋንቋ መጻፍ አይቻልም። በየመሃሉ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ "ሃሎ! ሃሎ!" እያልኩ ወደ ጓሮ እፈተለካለሁ። አቶ ፋራህ በዕረፍት ሰዓቱም ሥራ የማይለቀው ሰው እያሉ ያደንቁኛል።

የሥራ ባልደረባዬ ግርማ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ይቅርታ፣ ሆዴ አይችለውም ብሎ ሻይ ጠየቀ። አፈርኩለት። ይሄ ሰው ጡረታ የሚወጣው እዚሁ ነው አልኩ በልቤ።

ዓመቱ ሲሞላ ሁለታችንም የዝውውር ማመልከቻ አስገባን። የግርማን ወዲያው ፈረሙለት፤ ምስኪን፣ አገሩ አልተስማማውም አሉ። የእኔን ግን ዓርብ ዕለት ቤታቸው ሆነው አንብበው ሳቁ። አንተ እኮ የእኛው ሰው ሆነሃል፣ ያለ ግመል ወተት ደብረ ብርሃን ላይ ልትከሳ ነው? ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ኩባያዬን ሞሉልኝ። ምን ልበል? ዓመት ሙሉ ስዋሽዎት ነበር ልበል? እንደ ልማዴ ጭልጥ አደረግኩት።

ዓመት ሙሉ ከራሴ ኩባያ ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም ነበርና፣ እሳቸው ሻይ እንደሚጠጡ ያየሁት ያን ቀን ነው። እርስዎስ? አልኳቸው። እኔማ ጨጓራዬን ስለሚያመኝ ከተውኩት ቆየሁ፣ ይሄ የሚመጣው ላንተ ነው፤ ደህና ሠራተኛ ታዲያ በምን ይያዛል? አሉኝ።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት፤ ፈረሙልህ? አለችኝ። አልፈረሙም፣ ግን በጣም ወደውኛል አልኳት ወደ ጓሮ እየሮጥኩ። በዓመቱ ውስጥ እየሮጥኩ ካወራሁት ሁሉ፣ በሌላኛው ጫፍ ሰው የነበረው ያን ቀን ብቻ ነው።