የእቴጌ አንገት

በየቤተሰቡ መታመም የምታውቅበት አንዲት ሴት አለች። ሌሎቻችን እንደ ነገሩ ነው የምንታመመው፤ እናስላለን፣ እናነክሳለን፣ ማንም ዞር ብሎ አያየንም። እሷ ስትታመም ግን ቤቱ ይታመሳል፣ ስልኩ ዕረፍት ያጣል። በእኛ ቤት ይህንን ሹመት የያዘችው ታላቅ እህቴ ናት። "እቴጌ" የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ በቅናት ነው፣ ምን ይደበቃል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወገቤን ማመም የጀመረኝ እቴጌ ገና ሳታገባ ነው። ስንቴ ራጅ ተነሳሁ፣ ስንቴ ተመረመርኩ፤ መልሱ ሁልጊዜ "ምንም አይታይም" ነው። እሷ ግን የተሳፈረችበት ታክሲ ድንገት ፍሬን ይዞ አንገቷን ቢያማት፣ ሄዳ አንድ ጊዜ ሲቲ ስካን ተነሳች። ሐኪሙ "አንገትዎ ደህና ነው፤ ግን ታይሮይድዎ ላይ አንዲት ትንሽ እጢ በአጋጣሚ አይተናል" አላት። ዕድል አያችሁ? እኔ ስንት ዓመት ፈልጌ ያጣሁትን እሷ ሳትፈልግ!

ሐኪሙ ብዙ ነገር ነግሯታል። እንዲህ በአጋጣሚ ከሚገኙት አብዛኞቹ ካንሰር እንዳልሆኑ፣ የእሷ ግን በአልትራሳውንድ ስትታይ ጠርዟ ስላላማራቸው በመርፌ ናሙና ቢወሰድ እንደሚሻል፣ ደግሞም በጣም ትንሽ ስለሆነች በእጅ እንደማትዳሰስ። እቴጌ ቤት ስትደርስ ከዚህ ሁሉ የተረፈው "ካንሰር" የሚለው ቃል ብቻ ነበር። እናታችን ጩኸቷን አቀለጠችው።

ከዚያ ወዲያ የእናታችን ባለመደገፊያ ወንበር የእቴጌ ሆነ። ጠያቂ ሲመጣ አገጯን ቀና ታደርግና "እስቲ እዚህ ጋ ንኩኝ" ትላለች። ሰውም ይነካል። ታማሚ ፊት "ምንም አላገኘሁም" ማለት ነውር ይመስለዋል መሰለኝ፣ ሁሉም ያገኛል። ጎረቤታችን "ውይ፣ ባቄላ ታክላለች" አለች። አጎታችን "ኧረ ሎሚ ናት!" አለ። የወንድሜ ሚስት ደግሞ "ከትናንቱ ጨምራለች" ብላ አለቀሰች። የገዛ ባሌ፣ ለእኔ አንድ ቀን ብርቱካን ልጦ የማያውቀው ሰውዬ፣ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ ይልጥላታል፣ ፍሬውን ሳይቀር እየለቀመ ያወጣላታል! "ወገቤን አሞኛል" ስል እናቴ "አንቺ ደግሞ! ለእህትሽ እዘኚላት እንጂ" ትለኛለች።

እኔ ግን አልዋሽም። ጨርቅ በጣቴ ነው የምለየው። ሥራ ልዘጋ ስል እቴጌ ሱቄ ድረስ ትመጣለች፤ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አንገቷን ትሰጠኛለች። የያዝኳቸውን ስፒሎች ከአፌ አውጥቼ ነካ አደርጋትና "ምንም የለም" እላታለሁ።

"በደንብ ንኪ እንጂ።"

"ምንም የለም አልኩሽ!"

በማግስቱም ትመጣለች። ልታናድደኝ እንደምትመጣ እርግጠኛ ነበርኩ።

ይባስ ብዬ እኔም ሐኪም ቤት ሄድኩ። "አንገቴን ያፍነኛል" ብዬ ዋሽቼ አልትራሳውንድ ታየሁ። ሐኪሟ "እንኳን ደስ አለሽ፣ ምንም የለሽም" ስትለኝ ፈተና እንደወደቀ ተማሪ አቀርቅሬ ወጣሁ። ደግማ እንድታየኝ ሁሉ ለምኛት ነበር።

የመርፌው ቀን ደረሰ። እናታችን ለብሳ ጨርሳ ሳለ እቴጌ ወደ እኔ ጠቆመችና "ከእሷ ጋር ነው የምሄደው" አለች። እናታችን አኮረፈች። ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ እቴጌ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በረዶ ሆኗል።

"ምነው እኔን መረጥሽ?" አልኳት።

"እነሱማ በነኩኝ ቁጥር አደገች ይሉኛል። እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ እኮ! አንቺ ብቻ ነሽ የለም የምትይኝ።"

"ቀንቼብሽ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያመንኩሽ። አንቺ ደስ ይበላት ብለሽ አትዋሺኝም።"

ስሟ ሲጠራ እኔም አብሬያት ተነሳሁ።

የውጤቱ ዋዜማ ሱቄ መጣች። ያን ቀን እጄን ታጠብኩ። ውድ ሐር እንደሚነካ ሰው ቀስ ብዬ ዳሰስኳት፤ ጣቴ ሥር አንድ ነገር ጠጠር አለብኝ። የደም ሥሯ ይሁን፣ ፍርሃቴ ይሁን፣ እጢዋ ራሷ ትሁን እንጃ።

"ምንም የለም" አልኳት።

"እውነት?"

"እናታችን ትሙት!"

በማግስቱ ሐኪሙ "ካንሰር አይደለም፤ ከዓመት በኋላ መጥተው ይታዩ" አላት። እናታችንም ተረፈች። እዚያው በር ላይ ተቃቅፈን ስንነፋረቅ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ክፉ ነገር የሰማን መስሎት አዘነልን።

ወዲያው እቴጌ ወንበሯ ላይ ተመልሳ "ሞትን እኮ በዓይኔ አየሁት!" ማለት ጀመረች። ብርቱካኑም ቀጥሏል። ቅናቴም ቀጥሏል። ሥራ ልዘጋ ስል ግን ዓይኔ በሩ ላይ ነው፤ ከእንግዲህ ምን ብላ ትመጣለች?

ትናንት መጣች። አንገቷን አልሰጠችኝም። "ዙሪ እስቲ፣ ያንን ወገብሽን ልየው" አለችና እጇን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች።

"እዚህ ጋ ነው?"

"ዝቅ በይ። አዎ፣ እዚያ ጋ።"

ጫን ጫን አደረገችው። "ምንም የለም" አለችኝ።

እንዴት እንደተናደድኩ! "በደንብ ንኪ እንጂ!" አልኳት። "ካልሆነም ነገ ነይና ድገሚው።"