የካፒቴን ሃልቫርድ አግዳሚ ወንበር

ዓሣ የሌለበት አኳሪየም ሊኖር ይችላል። ለእድሳት ተብሎ ውሃው የተደፋ አኳሪየምም በዓይኔ አይቻለሁ። ሁሉን አዋቂ ሽማግሌ የሌለበት አኳሪየም ግን በዚህች ምድር ላይ የለም። ይህ ሰው የዓመት ካርድ አለው፤ የራሱ ወንበር አለው። ቡናማ አይብ የተደረገበት ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ቴርሞሱን ጉልበቶቹ መሃል ሸጉጦ ይቀመጥና ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች አፋቸውን እስኪከፍቱ ይጠብቃል። ሲከፍቱ ያርማቸዋል።

የእኛው ካፒቴን ሃልቫርድ ይባላሉ። በዚህ አገር ከንጉሡ በቀር ለማንም «እርስዎ» ማለት ከቀረ ቆይቷል፤ እኔም ፊት ለፊት ስንገናኝ «አንተ» ነው የምላቸው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ያጎደልኩባቸውን ክብር አንድ ላይ ልክሳቸው አስቤያለሁ።

ክቡርነታቸው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ መኪናና ሰው ጭና በተራሮች መሃል የገባውን የባሕር ሰርጥ፣ ፊዮርዱን፣ የምታቋርጠውን ጀልባ ነድተዋል። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አንዲት ደቂቃ አርፍደው አያውቁም፤ ይህን የሰማሁት ከራሳቸው ሲሆን፣ የሰማሁትም ቢያንስ ሁለት መቶ ጊዜ ነው። ከዚያ መንግሥት ከባሕሩ ሥር ዋሻ ቆፈረ። ጀልባዋ ቆመች፤ እሳቸውም ጡረታ ወጡ። ዋሻው ሲመረቅ ከተማው በሙሉ ተሰልፎ ኬክ ሲበላ እሳቸው ቤታቸው ተቀምጠው «ሰው ከባሕር በታች ምን ጉዳይ አለው?» ይሉ ነበር። ቤታቸው ማዶ ስለሆነ ግን ወደ እኛ የሚመጡት በዚያው ዋሻ በሚያልፈው አውቶቡስ ነው። ከመግቢያው እስከ መውጫው ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚቀመጡ ሾፌሩ ነግሮኛል።

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሲሆን፣ ትልቁ ገንዳ ፊት ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዓሦቹን የምትመግበው ማግንሂል ማይክራፎን ይዛ ለጎብኚው ማብራሪያ ትሰጣለች። ማግንሂል ሁለት ዲግሪ አላት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ግን ከወንበሩ በኩል ያ ድምፅ ይመጣል።

«ለማረም ያህል ነው እንጂ…»

የጠፍጣፋው ዓሣ ሁለቱም ዓይኖች በቀኝ በኩል ናቸው ስትል «ቀኙ የማን ነው? የአንቺ ወይስ የዓሣው?» ይሏታል። ገንዳው ፊት ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮችን ቦታ ያስቀይራሉ። አንድ ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ስህተት ነው ብለው ሦስት ዓመት ሙሉ ቢነዘንዙን፣ በመጨረሻ ተሸንፈን እሳቸው ባሉት መሠረት አስለወጥነው። በሳምንቱ መጡና የራሳቸውን አረሙት።

በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት የሚያከብሯት ፍጥረት አለች፤ ወይዘሮ ቦርግሂል። ወይዘሮዋ ዓሣ ናት። በእኛ ዘንድ «ድንጋይ ነካሽ» ከሚባለው ዘር ስትሆን፣ ርዝመቷ አንድ ሜትር ይሆናል፤ ዛጎል እንደ ቆሎ ትቆረጥማለች፤ ፊቷን ያየ ሕፃን ሁሉ ያለቅሳል። ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ ጉድጓዷ ንቅንቅ አትልም። ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ግን ትወጣና በቀጥታ ወደ ወንበሩ ትይዩ መጥታ፣ አገጯን አሸዋው ላይ አስደግፋ፣ በመስታወቱ ውስጥ ወደ ውጭ ታያለች።

«እኔን ነው የምትጠብቀው» ይላሉ ካፒቴኑ።

እኔ ደግሞ ምሥጢሩን አውቅ ነበር። ሥራዬ ጎብኚዎችን አልብሼ ገንዳው ውስጥ ማስጠለቅ ስለሆነ የገንዳውን እያንዳንዱን ቱቦ አውቀዋለሁ። ማክሰኞ ማጣሪያው የሚታጠብበት ቀን ነው፤ አምስት ሰዓት ላይ በዚያ ጥግ ያለው ፓምፕ ይነሳና ከአሸዋው ሥር የቀረውን የዛጎል ፍርፋሪ ያወጣል። ወይዘሮዋ የምትመጣው ለቁርሷ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። ቢሆንም ካፒቴኑ «ትጠብቀኛለች» ባሉ ቁጥር በልቤ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም፤ አዋቂ ነኝ ባይነት እሳቸው ጋ ብቻ ያለ በሽታ አይደለም።

ነገሩ የፈነዳው በጥር ወር ነው። ማግንሂል በአንድ ማብራሪያ አምስት ጊዜ ታርማ፣ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሃልቫርድ» አለች በማይክራፎኑ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ፣ «ዓሣ ሰው አይለይም። የምታየው መስታወቱ ላይ ያለውን የራሷን ጥላ ነው። በቃ!»

ሁላችንም «ለማረም ያህል»ን ጠበቅን። አልመጣም። ካፒቴኑ የቴርሞሳቸውን ክዳን ቀስ ብለው ገጠሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ወደብ ስደርስ ሰው ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። በዝናቡም፣ በበረዶውም። አሁን እኔን ብላ የምትጠብቅ እሷ ብቻ ናት። እሷንም ልትወስጂብኝ ነው?»

ማግንሂል ፊቷ ቀላ። እሳቸው ግን ተነሥተው ወደ እኔ መጡ፤ «መዝግቢኝ። እገባለሁ። አጠገቧ ቆሜ አረጋግጣለሁ» አሉ።

«ከባሕር በታች ምን ጉዳይ አለህ?»

«ይሄ ባሕር አይደለም፣ ገንዳ ነው። ለማረም ያህል።»

የሐኪም ወረቀት አምጡ ስንላቸው አመጡ፤ ሐኪሙ የጻፈው ቁመት በእስክርቢቶ ተስተካክሎ ነበር። ቀጥሎ ከሁሉ የባሰው መጣ።

«ሪዝህን መላጨት ይኖርብሃል» አልኳቸው።

«ምን አልሺኝ?»

«የመጥለቂያው መነጽር አፍንጫህንም ስለሚሸፍን በሪዝህ ላይ አይገጥምም። ውሃ ያስገባል።»

«ይህን ሪዝ እኮ ሚስቴ እንኳ ሳታስላጨኝ ነው የሞተችው።»

«እሺ፣ ቫዝሊን ብንቀባው…»

«ሞተር ነኝ እንዴ የምትቀቢኝ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብላጨውስ… በምን ታውቀኛለች?» አሉኝ። ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

ያን ቀን ማታ ቤቴ እራት እየበላሁ ነው ሌላ ነገር ትዝ ያለኝ። ሰው ገንዳ ውስጥ ሲገባ ፓምፖቹ ሁሉ ይዘጋሉ፤ ደንብ ነው። ፓምፕ ከሌለ ፍርፋሪ የለም፤ ፍርፋሪ ከሌለ ወይዘሮዋ ከጉድጓዷ አትወጣም። ሽማግሌው ሪዛቸውን ተላጭተው፣ በሰባ አራት ዓመታቸው ውሃ ውስጥ ወርደው የሚያዩት ጀርባዋን ሊሆን ነው። በማግሥቱ ደወልኩላቸው፤ ሌላ ቀን ከሆነ ባትወጣ እንኳ በቀኑ ይሳበባል ብዬ።

«ሃልቫርድ፣ ሐሙስ ብናደርገውስ? ሐሙስ ውሃው ይጠራል።»

«ሐሙስ አታውቀኝም። ማክሰኞ ነው የምታውቀኝ።»

ማክሰኞ ዕለት ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድመው ደረሱ። ሪዙ የነበረበት ቦታ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ነጭ ነው። ማግንሂል የዓሣ ባልዲዋን ይዛ ስታልፍ አየቻቸውና «እንኳን ደህና መጣህ! ለመጥለቅ ነው? ክፍሉ በዚህ በኩል ነው» ብላ እንደ እንግዳ መንገድ አሳየቻቸው።

«ይኸው» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «ሰውም አላወቀኝ።»

ወፍራም የሱፍ የውስጥ ልብሳቸው ላይ የመጥለቂያውን ልብስ እያጠለቅኩላቸው የእጅ ምልክቶቹን ማስተማር ጀመርኩ፤ ውሃ ውስጥ ሌላ ቋንቋ የለምና። ለቀባሪው አረዱት!

«ጠቋሚ ጣትና አውራ ጣት ክብ ከሠሩ ደህና ነኝ ማለት ነው» አሉኝ እሳቸው ቀድመው። «አውራ ጣት ወደ ላይ ከሆነ ደግሞ እንውጣ ማለት ነው። ሞኝ ሁሉ ደስ ሲለው አውራ ጣቱን ያነሣና ያወጡታል።»

«አስተማሪዋ እኔ ነኝ እኮ።»

«ታዲያ አስተምሪያ!»

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወረድን። ውሃው ስምንት ዲግሪ ነበር። ያ አፍ የመተንፈሻውን ጎማ ነክሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ፤ ከአረፋው በቀር ምንም አይሰማም። እጃቸውን ይዤ ጉድጓዷ ፊት ተንበረከክን። ካፒቴኑ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ሰጧት። ወይዘሮ ቦርግሂል አየቻቸው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዞረች። ጠጋ አሉ። የባሰ ወደ ውስጥ ገባች። ትከሻቸው ሲወርድ በዚያ ሁሉ ልብስ ውስጥ ታየኝ። ሰዓቴን ሳይ ለአምስት ሁለት ደቂቃ ይቀራል፤ ጥግ ያለው ፓምፕ ጸጥ እንዳለ ነው። ባዶውን ሰዓት ሳያዩ ላውጣቸው ብዬ አውራ ጣቴን አነሣሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አይወጡም።

አምስት ሰዓት ሆነ።

ወይዘሮዋ ከጉድጓዷ ወጣች። የካፒቴኑን ጉልበት በጭራዋ ዳበስ አድርጋ አለፈች፤ ዞር ብላ እንኳ አላየቻቸውም። በቀጥታ ወደ መስታወቱ ሄደች። ፓምፕ የለም፤ ፍርፋሪ የለም። አገጯን አሸዋው ላይ አስደገፈችና ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ከመስታወቱ ማዶ አግዳሚዋ ወንበር ባዶዋን ነበረች።

ልማድ ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል። ይሁን። የእኔ ባል ከሥራ የምመለስበት ሰዓት ሲደርስ መስኮት መስኮቱን የሚያየው ከልማድ ሌላ በምን እንደሆነ ግን ይንገረኝ።

ካፒቴኑ ወደ እኔ ዞሩ። በመነጽሩ ውስጥ ዓይኖቻቸው ፈጠዋል። አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ። አይ፣ አልኩ በልቤ፣ ያ ሁሉ ትምህርት ገደል ገባ፤ ደስ ሲላቸው ተሳሳቱ። ክብ ሠርቼ ደህና መሆናቸውን ጠየቅኳቸው። በንዴት ራሳቸውን ነቀነቁና አውራ ጣታቸውን ደግመው አነሡ፤ በሌላ እጃቸው ዓሣዋን፣ ከዚያ ወንበሩን አሳዩኝ። አውራ ጣታቸውን። ዓሣዋን። ወንበሩን።

ከውሃው እንደወጣን ጎማውን ከአፋቸው ተፉት።

«ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? አርፍጃለሁ እኮ! እየጠበቀችኝ ነው! አውልቂልኝ!»

አወለቅኩላቸው። በረጅም የሱፍ የውስጥ ልብሳቸው፣ በባዶ እግራቸው፣ ያን ሁሉ ጎብኚ እየጣሱ ደረጃውን ወረዱ። ተከትያቸው ስደርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወይዘሮ ቦርግሂል ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሁለቱ በመስታወቱ ውስጥ ይተያያሉ፤ አንዱ ጠጉሩ ይንጠባጠባል፣ ሪዝም የለውም።

አምስት ተኩል ላይ ማግንሂል ማይክራፎኗን አነሣች። ወንበሩን ስታይ ማን እንደሆኑ አሁን ገባት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረችና እንደ ልማዷ ቆመች። ከወንበሩ ምንም የለም። ሌላ ሁለት ጨመረች፤ ምንም የለም። ካፒቴኑ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለዋል። አራት ዓመት ሙሉ እግዜር ይህን ሰው ዝም ባሰኘልኝ ስል ኖሬ፣ አሁን አንዲት እርማት እንዲያሰማኝ ለመንኩት።

ማግንሂል ወደ እኔ አየች፤ እኔም ወደ እሷ። ከዚያ ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። የሁለተኛ ዲግሪዋን የሠራችው በዚሁ በድንጋይ ነካሽ ጥርስ ላይ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፏን እኔ ራሴ አንብቤዋለሁ።

«ወይዘሮ ቦርግሂል» አለች ረጋ ብላ፣ «ጥርሷን በዓመት ሁለት ጊዜ ትቀይራለች።»

ይህን ብላ ቆመች። እሷ ማይክራፎኗን ይዛ፣ እኔ ውሃዬ እየተንጠባጠበ፣ ወይዘሮዋም ከመስታወቱ ማዶ አገጯን አሸዋው ላይ አስደግፋ፣ ሦስታችንም ወደ ወንበሩ እያየን ጠበቅን።

ካፒቴኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለማረም ያህል ነው እንጂ» አሉ፣ «አንድ ጊዜ ነው።»